ያለ ሬሳ የተነፋ ጡሩምባ

ገርጂ፣ ጥር 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔዋን፤ የስቶክሆልም ብርድ አጥንትሽን አይንካው፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይጣልልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ አፉ ግን ጤነኛ ነው። ካፖርትሽን ሳትቆልፊ እንዳትወጪ።

ለክልሉ ምክር ቤት ምርጫ የመራጮች ምዝገባ ባለፈው ዓርብ ሊዘጋ ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ግን «አባወራው ተመዝግቧል፣ ይበቃል» ብለን ቁጭ አልን፤ እንደ ስኳር ራሽን መስሎን! በመጨረሻው ቀን ስህተታችን ሲገባኝ፣ ወደ ዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ወደ አቶ እሸቴ ሮጥኩ።

«ይንፉልኝ!»

«ያለ ሬሳ?»

«መዝገብ ላይ የሌለን ሴቶች ከሬሳ በምን እንሻላለን? ይንፉ!»

ነፉ። አርባ ሴት ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ጎረቤታችን ፀሐይነሽማ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ደረቷን መምታት ጀመረች። ነገሩን ስነግራት፣ «እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» ብላ ተቆጣች።

«ከወጣሽ አይቀር ተመዝገቢ» አልኳትና በዚያው ልብስ ሁላችንም ቀበሌ ገባን።

መዝጋቢው ሲያየን ብድግ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለ። ጉዳያችንን ሲሰማ ደግሞ «ባለቤትዎ ተመዝግበው የለም እንዴ?» አለኝ።

«እሱ ሲበላ እኔ እጠግባለሁ?»

ሳቀና ሁላችንንም መዘገበን። አንገቴን አስግጌ አየሁት፤ «የአስፋው ባለቤት» አላለኝም፤ በገዛ ስሜ ጻፈኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ!

ያሰብሽውን ይሙላልሽ፤ ክፉ አይይሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ከእንግዲህ ፖስታው ላይ የአባትሽን ስም ብቻ አትጻፊ።

እናትሽ፣
አሰገደች ወልደየስ