ክቡርነትዎን ስለሚጠብቀው ቀይ ሪባን

ለክቡር የጤና ሚኒስትራችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የምመኘውም ከልቤ ነው፤ በእኛ ሆስፒታል ታሞ መዳን የሚፈቀደው ከምርቃቱ በኋላ ነውና።

እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲሱ የጨረር ሕክምና ማሽን በተተከለ ጊዜ ለምርቃቱ በክፍሉ መግቢያ ላይ የሚወጠረውን ቀይ ሪባን እንድናዘጋጅ የታዘዝነው እኔና ባለቤቴ ነን። ባለቤቴ የማህፀን በር ካንሰር ታማሚ ናት። ሐኪሟ በጊዜ ስለተደረሰበት በጨረር ይድናል ብሎ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተራ አስይዞላት ነበርና፣ የሪባኑን ጠርዝ በእጇ የቀመቀመችው እያንጎራጎረች ነው። ማሽኑም ሪባኑም ደረሱ፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. ማሽኑና ብሔራዊ የካንሰር ፖሊሲው በአንድ ቀን ካልተመረቁ አያምርም ብለው ስለወሰኑ አመሰግናለሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ክቡርነትዎ ግን እስካሁን ምንም አልነከሱም።

2. የፖሊሲው ረቂቅ በሬዲዮ ሲነበብ ማንኛውም የካንሰር ታማሚ ሕክምናውን ሳይዘገይ ያገኛል የሚል አንቀጽ ሰምተን በቤታችን ታላቅ ደስታ ሆነ። ይህንኑ አንቀጽ ይበልጥ ለማሳመር ኮሚቴው እንደገና ስለሚሰበሰብ ምርቃቱ መተላለፉን የሰማነው እዚያው ዜና ላይ ነው። ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ካለቀም በኋላ ሆዷን አልለቀቀችም።

3. ማሽኑ እንዳይበላሽ የሚደረገው ጥንቃቄ እጅግ ያስመሰግናል። ባለሙያው ጠዋት ጠዋት በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ማሽኑን አስነስቶ ይፈትሻል፣ ደህና መሆኑን አይቶ ያጠፋዋል፣ ጎንበስ ብሎም ይወጣል። እኛ ታማሚና አስታማሚዎች ኮሪደሩ ላይ በአግዳሚ ወንበር ተደርድረን እናየዋለን። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለእኛ አልሆነም፤ የእኛይቱ ላም አፍንጫችን ሥር ቆማለች። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ባለሙያውን፣ ወንድሜ፣ እኔም እኮ ጎንበስ ማለት አያቅተኝም ብላ ለመነችው። እሱም መሬት መሬቱን እያየ አለፈ። ከምርቃቱ በፊት ታማሚ ያስገባ ከሥራው እንደሚሰናበት ተነግሮታል፤ የልጆች አባት ነው፣ አልፈርድበትም።

4. ሪባኑ አቧራ ሲጠግብ ዘበኛው ፈትቶ ያመጣልኛል፤ አጥቤ፣ ተኩሼ እመልሳለሁ። ሪባኑ ታጥቦ ገመድ ላይ በዋለበት ቀን እንኳ በሩ ባዶውን ቆመ እንጂ ማንም አልገባም። ሕዝብዎ እንዲህ ጨዋ በመሆኑ እንኳን ደስ አለዎት።

5. ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ፣ በሽታው መሰራጨቱንና ከእንግዲህ ጨረር ቢገኝ እንኳ ሕመሟን ለማስታገስ እንጂ ለማዳን እንደማይሆን ነገረኝ። ለዚህኛው የምስጋና ቃል ፈልጌ ስላጣሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እሷ ዛሬም ተራዋን ትጠብቃለች። አልነገርኳትም፤ በምን አንደበቴ? ማታ ማታ ሚኒስትሩ መቼ ይመጣሉ ትለኛለች፤ እኔም ቅርብ ነው እላለሁ። ከዚህ ሌላ የምችለው ነገር የለኝም።

የተሟላው ፖሊሲ፣ ያማረው አንቀጽና የተመቸው ቀን በአንድነት ተገጣጥመው ክቡርነትዎን ወደ ደጃችን እስኪያመጡዎት ድረስ፣ ከአግዳሚ ወንበሩ ሳይነሣ በትሕትና የሚጠብቅዎ፣

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ምርቃቱ ደግሞ በመቀስ እጦት እንዳይተላለፍ በማሰብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ መቀስ ልኬያለሁ። በደንብ የተሳለ ነው፤ እጅዎን እንዳይጎዳም መያዣውን በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። የባለቤቴ ነው። ለመመለስ አይድከሙ፤ መቀስ መያዝ ካቃታት ሰንብቷል።