የኮራ ቤት ቀይ አምፖል

ለቀድሞዋ ውዴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የዱሉዝ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ይላሉ። እኔ እዚሁ ሚልዋኪ በከዘራ እየተደገፍኩ አለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንደ ጎረቤት ስለ ጉልበትሽ ስጠይቅ «ይቺ ሴትዮ አታፍርም?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አፍራለሁ። የምጽፍልሽም ስላፈርኩ ነው።

የኮራ መጠጥ ቤት ሊፈርስ ነው። ኢሞጅን የምትባል የታሪክ ማኅበር ልጅ ዕቃችንን ሰብስባ ኤግዚቢሽን አዘጋጅታለች። ፎቶዎቻችን፣ የሶፍትቦል ማሊያችን፣ ኮራ የዓርቡን ዓሣ የምትጠብስበት መጥበሻ ሳይቀር አለ። ቅዳሜ ሲከፈት ንግግር አድርጊ ተብያለሁ። «እርስዎ እኮ በር ጠባቂያችን ነበሩ፣ ጀግና ነዎት!» አለችኝ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሴት ከሴት ጋር ስትደንስ ፖሊስ ያፍስ የነበረበት ጊዜ ነው። ለዚህም ነበር በየተራ መስኮቱ ሥር የምንቀመጠው። ፖሊስ ስናይ ከወንበሩ ሥር ያለችውን ማብሪያ በእግራችን እንረግጣለን፤ ከጠርሙሶቹ በላይ ቀዩ አምፖል ይበራል፤ ደናሾቹ ቁጭ ብለው ከጠረጴዛ ሥር ኪሮሻቸውን ያወጣሉ። ኮራ ደግሞ «የኪሮሽ ማኅበር ነን ጌታዬ፣ ካልሲ ይሠራልዎት?» እያለች ፖሊሶቹን ታሾፍባቸው ነበር።

ያን እሑድ ከሰዓት ተራው የእኔ ነበር። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፖልካ ትደንሻለሽ። በመስኮት ሳይ የፖሊስ መለዮውን ለብሶ ከፊት ፊት የሚመጣው ወንድሜ ሌስተር ነው። የገዛ ወንድሜ! እዚያ ቤት ሊያየኝ ነው ብዬ በኩሽናው በር ወጣሁ። ሳልረግጥ። አንዲት እርግጫ እኮ ናት! ረግጬም መሮጥ እችል ነበር።

አንቺን ጨምሮ አሥራ አንዳችሁን ወሰዷችሁ። ሰኞ ማለዳ፣ እናንተ ገና ጣቢያ ሳላችሁ፣ ክፍት በቀረው ኩሽና ተመልሼ ገባሁ። ደህናውን አምፖል ነቅዬ፣ አብረን ከተከራየነው ቤት፣ ከመታጠቢያ ክፍሉ ያመጣሁትን የተቃጠለ አምፖል ሰካሁበት። ቀይ እንዲመስል በምን የቀባሁት ይመስልሻል? አንቺ መስታወቱ ሥር ትተሽው በሄድሽው የጥፍር ቀለም።

ኮራ ተፈታ ስትመጣ «ረገጥኩት፣ አልበራም» አልኳት። ሞክራ አየችው፤ እውነትም አልበራም። «ዓርብ ዕለት የቀየርኩት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አንቺ ስምሽ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ከማስተማር ሥራሽ ስትባረሪ ኮራን ተቀየምሽ፤ እስክትሞትም አላናገርሻትም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ቤቱን ስትከፍት አምፖሉን ሦስት ሦስት ጊዜ እያበራች ትፈትሽ ነበር። እኔ ቢራዬን ይዤ አያታለሁ። ዱሉዝ አብረን እንሂድ ብለሽ ስትለምኚኝ የቀረሁት ስለጠላሁሽ መስሎሽ ኖረሻል። በምን ዓይኔ ልይሽ?

ባለፈው ሳምንት ኢሞጅን ኤግዚቢሽኑን ቀድማ አሳየችኝ። ኮራ ያን የተቃጠለ አምፖል ለካ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል። አሁን መሐል ቦታ ላይ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ «ያን ዕለት የከዳን አምፖል» የሚል ወረቀት ተለጥፎለታል። እጅ ለእጅ ከተያያዙት ሁለት ረዳቶቿ አንዷ ጎንበስ ብላ «ውይ፣ የጥፍር ቀለም እኮ ነው! ታድለው፣ እንዴት ጎበዞች ነበሩ!» አለች። እኔ ወደ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ እውነቱን እናገራለሁ። ከሰው ሁሉ በፊት ግን ካንደበቴ አንቺ እንድትሰሚው ብዬ ነው። እኔን ይቅር በዪኝ አልልሽም። ኮራን ግን ከልብሽ አውጪያት፣ ምንም አልበደለችሽም።

ያኔ የነቀልኩትን የእሷን ደህና አምፖል በካልሲ ጠቅልዬ እስከ ዛሬ ደብቄዋለሁ። ትናንት አውጥቼ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሰካሁት። ይህን የምጽፍልሽ በእሱ ብርሃን ነው።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ምድጃሽ አይቀዝቅዝ፣ ደጃፍሽን የሚጠብቅልሽ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጥፋ።

የዚያን እሑድ በር ጠባቂሽ