ወደ ሰባተኛ ክፍል ተዛውራለች

ድሪባዬ፣

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ልጃችን ጫልቱ ስድስተኛ ክፍልን ያለፈችው በቅቤ ነው። ቅቤውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ከተለየኸን አምስት ዓመት ሞላ። የስድስተኛ ክፍሏን ዓመት ታስታውሰዋለህ፤ የመንፈቅ ካርዷ ሒሳብ ሰባ ስምንት ይላል። አንተ አናጺ ነህና ሳንቃ አጋድመህ እርሳስህን ሰጠሃት፤ ሲሶው ላይ ምልክት አድርጊ አልካት። እኩሌታው ላይ አሰመረች። አልተቆጣህም። «ወረቀቱ ያውቃል፣ እጇ አያውቅም» ብለህ የክፍል ኃላፊ መምህሯ ዘንድ ሄድክ፤ ይህን ሳታውቅ አትለፍ፣ ዓመቱን ትድገም ብለህ ለመንከው። እሺ አለህ።

አምቦ ላይ ግን ልጁ እንድትወድቅለት የሚለምን አባት ታይቶ አይታወቅም። ጎረቤቶቻችን «ኦቦ ድሪባ ልጁንም በመጋዝ ሊያሳጥራት ነው» እያሉ ሳቁ። ሳቃቸውን መቋቋም አቃተኝ። ከጎጆ ከተማ የመጣ ቅቤ በኮባ ጠቅልዬ መምህሩ ቤት ሄድኩ።

የሰኔው ካርድ «ወደ ሰባተኛ ክፍል ተዛውራለች» ይላል። ደጋግመህ አየኸው። «እንግዲህ መምህሩ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል» አልክ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትገባ «ነይ፣ ዛሬ የተማርሽውን አስተምሪኝ» ማለት ተውክ። እኔ እንኳ ፊደል የለየሁት እሷ አንተን ስታስተምር ጥግ ይዤ እየሰማሁ አልነበር? ያንን ነው ያስቀረሁት። በዓመቱ አንተም ሄድክ።

የቤቱን ጣሪያ አስቀይሬዋለሁ፤ መጋዝህ እንደተሰቀለ ነው። ጫልቱ ሰማንያ፣ ዘጠና እያመጣች ተዛወረች። በየወላጆች ቀኑ እልል አልኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግን ቅቤ አይበላም፤ ወደቀች። ያንኑ መምህር መንገድ ላይ አገኘሁት። «ሃዳ ጫልቱ» ብሎ በእናትነቴ ጠራኝና «የዕድል ጉዳይ ነው» አለኝ። ዕድል! ዘጠናውን ሲሰጧት ዕድል ነበር? ቁጥር አጎረሷት እንጂ መቼ አስተማሯት! ግን እሱ ሲቀበል የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ንዴቴ ዞሮ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው።

ልጅህ ደብተሮቿን ሰብስባ «እማዬ፣ ደደብ ነኝ» ብላ ተኛች። አይደለችም! ባለፈው ሳምንት ሳንቃህን አወጣሁ። የአምስተኛ ክፍል መጽሐፏን እያነበብኩ ሲሶውን ለካሁት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ነይ ልላት ስል ግን ከበሯ ተመለስኩ። አስቀድማ እውነቱን ማወቅ አለባት። ትጠላኝ ይሆናል። ትጥላኝ።

«አስተምሪኝ» የምትላትን አልረሳሁም፤ ከእንግዲህ ማምሻ ማምሻውን የምጠይቃት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ መቃብርህ ላይ አላኖረውም። ሳንቃው ላይ፣ ከእርሳስህ ጎን አስቀምጬዋለሁ። የምታነሣው ጫልቱ ናት።