ሄዶ የማያውቀው መብራታችን

ለተከበሩ የመብራት መቋረጥ ጥናትና ስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ ኮምፒውተርዎም ጭምር፣ በሙሉ ጤንነትና በማይቆራረጥ ብርሃን እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኔ በቦኖሻ ከተማ ዳርቻ የምኖር ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ ይህን በአደባባይ የምጽፈው የክፍልዎን ዓመታዊ ጥናት አንብቤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

አንደኛ፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር በዙሪያው ካሉት ሁሉ እጅግ አስተማማኝ ተብሎ በመመረጡ እናመሰግናለን። ክረምቱ ሲገባ ተቃጥሎ እስካሁን እንደጠቆረ መሰቀሉን በዓይናችን ብናይም፣ ጥናትዎ መቋረጥ ብሎ የሚቆጥረው የሄደበትም የመጣበትም ሰዓት የታወቀውን ብቻ በመሆኑ፣ ያልመጣ መብራት እንዳልሄደ እንደሚቆጠር ተረድተናል። ይህን ሳላስተምራቸው ጡረታ በመውጣቴ ተማሪዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ በደወልን ቁጥር ሲስተሙ ላይ መብራት እንዳለን በትሕትና ላስረዳችን ሠራተኛዎ ምስጋናችን ይድረሰው። በመጠባበቂያነት መጋዘን የነበረው ትራንስፎርመርም በጥናቱ መሠረት መብራት ሄድ መጣ ወደሚልበት ሌላ ሰፈር ተልኳል። በእነሱ አንቀናም፤ የእነሱ መብራት ሄዶም መምጣቱን ግን ልብ ይሏል።

ሦስተኛውን በምን ዓይነት አክብሮት እንደምጽፈው አላውቅም። ባለቤቴ እልፍነሽ ሳንባዋ ደክሞ ስለነበር የምትተነፍሰው የቤተ ክርስቲያናችን ምዕመናን አዋጥተው በገዙላት የኦክስጅን ማሽን ነበር። ጎረቤታችን ፈትሁዲን የሱቁን ሥራ አቁሞ ጄኔሬተሩን አዋሰን፤ ቆይቶ ግን ቤንዚን ከከተማው ጠፋ። መኪና ተፈልጎ ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ልንወስዳት ስንሰናዳ፣ መብራት መጣ ወይ እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ጥናትዎን ገና ስላላነበብኩ፣ ሊመጣ ነው፣ አይዞሽ እላት ነበር። መኪናው ሳይደርስ አረፈች። ክቡርነትዎ፣ ሰው የሚያጽናናኝ ነገር ሁሉ ከጆሮዬ አያልፍም።

የሠንጠረዥዎን ንጽሕና በእንዲህ ያለ ወሬ ስላጎደፍኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ክፍልዎ ሊቆጥረው የማይችል አክብሮቴን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

የታማኙ ትራንስፎርመር ደንበኛ
ጠና ኤርጃቦ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ትራንስፎርመሩ ተቀይሮ መብራት መጣ፤ እንግዲህ ሰዓቱ ስለታወቀ ሊቆጥሩት ይችላሉ። የእልፍነሽ ማሽን ማብሪያው እንደተጫነ ቀርቶ ኖሮ፣ ከባዶው አልጋ አጠገብ ብቻውን መተንፈስ ጀምሯል። ላጠፋው ሄጄ እጄ እምቢ አለኝ።