ጣቴን ያርገበገብኩበት ፈተና

ውድ መምህሬ፣

ልጅዎ ስልክዎን ማንሳት ለምን እንዳቆመች ያገኙትን ሰው ሁሉ እየጠየቁ ነው አሉ። ሰው አያስቸግሩ፤ እኔ ልንገርዎ።

ቤትዎ ስማር እኔንና ልጅዎን መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ያቆሙን ነበር። “ሙዚቃ ሁሉ ዘመን አለው” ይሉናል። የጥንቱን ስንጫወት ቫዮሊናችን ላይ እንደ ድሮው ከበግ አንጀት የተሠራ ክር ይወጥሩልናል። ቀስቱ አጠር፣ ቀለል ይላል፤ ድምፁን እንደ ለቅሶ እንዳያንቀጠቅጠው የግራ እጅ ጣት ክሩ ላይ አይርገበገብም። “የሚጨፈርበት ዜማ ነው፤ አታልቅሺበት!” እያሉ ጣቴን በእርሳስ ይመቱኛል። ማርገብገብ የሚፈቀድልን በኋለኛው ዘመን ለትልልቅ አዳራሾች በተጻፈው ሙዚቃ ብቻ ነበር። ቢያመኝም ደስ ይለኝ ነበር። አባቴን ሳላውቀው ላደግኩት ለእኔ፣ መምህርም አባትም እርስዎ ነበሩ።

የኦርኬስትራው ፈተና ዕለት የተሰጠን የጥንት የጭፈራ ዜማ፣ ከዳኞቹ አንዱ እርስዎ፣ ክፍት ቦታውም አንድ ብቻ። ልገባ ስል ኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን ያዙኝ።

“ስሚኝ ልጄ፣ የዛሬዎቹ ዳኞች ደረቅ አጨዋወት አይወዱም። ጣትሽን ልቀቂው፤ አልቅሺበት።”

“እርስዎ እኮ ሁልጊዜ...”

“እመኚኝ አልኩሽ!”

አመንኩዎት። ቀስቱን እስከ ጫፉ እየሳብኩ፣ ድምፁን ሁሉ እያርገበገብኩ ተጫወትኩ። ስጨርስ ቀድመው የሳቁት እርስዎ ነበሩ። “ጭፈራ ብንሰጣት ለቅሶ ቤት ይዛን ሄደች!” አሉ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ቀጥላ ልጅዎ ገባችና ልክ መስኮቱ ሥር እንዳስተማሩን ተጫወተች። ቦታው የእሷ ሆነ።

ለዓመታት ቫዮሊን አልነካሁም። ኋላ ሌላ ከተማ ሄጄ አንድ የጥንት ሙዚቃ ቡድን ገባሁ፤ ዛሬ የምመራው እኔ ነኝ። በቅርቡ ልጅዎ ልትፈተን መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ተጫውታ ስትጨርስ በየዋህነት ጠየቀችኝ።

“ያን ቀን ግን ምን ነካሽ? አባዬ እስከ ዛሬ፣ ‘ያን ያህል ለፍቼባት’ እያለ ያዝናል።”

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

“አባዬ እንዲህ አያደርግም!” አለች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። “አንቺ ልትገቢ ስትይ እኔን... ውሃ አምጪልኝ ብሎ ልኮኝ ነበር።”

“ሥራው የአንቺ ነው፤ ግቢ” አልኳት።

“በምን ፊቴ? ያን ቦታ ያገኘሁት በችሎታዬ ይመስለኝ ነበር” ብላ እያለቀሰች ወጣች። ከኦርኬስትራውም ለቃ ቫዮሊን መንካት ማቆሟን ሰምቻለሁ።

አሁን የማያውቁትን ልንገርዎ። ልጅዎ ያኔም ከእኔ ትበልጥ ነበር። ምንም ባይሉኝ፣ እንዳስተማሩኝ ብጫወትም፣ ታሸንፈኝ ነበር። በር ላይ ስትደርስ ይህን አንድ ቃል ብላት ኖሮ ዛሬም ትጫወት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ከፈለጉ እርስዎ ይንገሯት። እስቲ ታምንዎት እንደሆነ።

ያመነችዎት ተማሪዎ