ፈረሰኛው በፈረንሳይ ምግብ ቤት

ውድ አባዬ፣

ያለ አንተ ሁለት ፋሲካ ፈሰክን። በሁለቱም ፋሲካ ቤታችን ዶሮ አልተሠራም። እማዬ አልሠራም አለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ሳልፈራው አልቀረሁም።

ቤቱ የለም። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታችን ከነጎረቤቱ ፈርሷል፤ አሁን በዚያ ሰፊ መንገድና ገና የተተከሉ ዛፎች አሉ። በራችን የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ የጊዮርጊስን ጉልላት አይቼ እገምታለሁ። በሄድኩ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ነው የምቆመው። እኔና እማዬ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገብተናል፣ አራተኛ ፎቅ። ውኃ ሲኖር ጥሩ ቤት ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። እማዬ መብላት ትታ ነበር።

በአንድ ቀን አልተወችም። መጀመሪያ ራቱን፣ ከዚያ ምሳውን። «በላሁ እኮ» ትለኛለች፤ ፍሪጁን ስከፍት ወጡ እንደተቀመጠ ነው። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ መሰለ። ሐኪሙ መርምሮ በሽታ የላትም አለኝ። ቢኖራት ይሻለኝ ነበር፤ ስም ያለው ነገር ይታከማል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ውጭ ላብላት አልኩ። ይህን ሳስብ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። አንተ ሠላሳ ዓመት ፒያሳ ጣልያን ምግብ ቤት ቆመህ ሰው ስታበላ፣ እማዬ አንድም ቀን ምግብ ቤት ገብታ አታውቅም። ላዛኛውን በሳህን ከድነህ ታመጣላታለህ፣ ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ። አንተ አልወሰድካትም። እሷም ውሰደኝ አላለችም። እኔም አላሰብኩትም።

እኔ ግን ወጥ ቤትህን አይቼዋለሁ። ሁዳዴ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩ። የሥጋ ስጎ ትሠራለህ። ጾም ስለሆነ አትቀምስም። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለህ አሸተትክ፣ ጨው ቆንጠር አድርገህ ጨመርክ። ሳህኑ ወጣ፤ ማንም ጨው አምጡ አላለም። እንዴት እንዳወቅከው ዛሬም አልገባኝም። ያን ዕለት የተሰማኝ ነገር ከዚያ ወዲያ የተሰማኝ ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ከጊዮርጊስ እንደወጣን ኬክ ቤት ገባን። እማዬ ኬኩን በሹካ ነካ ነካ አድርጋ «ይሄ ለዓይን ነው» ብላ ተወችው። በሁለተኛው አንተ ትሠራበት ወደነበረው ቤት ወሰድኳት፣ ላዛኛ አዘዝኩላት። ሽታውን ሳብ አድርጋ ሳህኑን ገፋችው። «እጁ የለበትም።»

በሦስተኛው እሑድ የፈረንሳይ ምግብ የሚሠራበት ፎቅ ላይ ወጣን። ድሮ በሥሩ ስናልፍ አንተ ትለኝ የነበረውን አልረሳሁም፦ «ፈረንሳዮች ሰፌድ በሚያህል ሳህን አንድ ጉርሻ ያቀርባሉ፣ ሰው ይስቅባቸዋል፣ እኔ ግን እፈራቸዋለሁ፣ አንድ ጉርሻ የሚያቀርብ ሰው መደበቂያ የለውም።» እኔም ፈራሁ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ። በግራ ሦስት ሹካ። ሰዎቹ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ በመስኮቱ ወደ ዛፎቹ ታያለች፤ ቤታችንን እየፈለገች እንደሆነ አውቃለሁ።

አስተናጋጇ ዶሮ በወይን ጠጅ የተቀቀለ አለን አለች። እማዬ ቀና ብላ «አስክራችሁ ነው እንዴ የምታርዷት?» አለቻት። ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። እማዬ ስትቀልድ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ሳህኑ መጣ። በትልቁ ነጭ መሃል አንድ ብልት ብቻ፣ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ስጎ። እማዬ አየችው። እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

ፈረሰኛው ነበር።

አርባ ዓመት ዶሮ ስትሠራ አሥራ ሁለቱን ብልት ለየባለቤቱ ስታወጣ፣ ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ የአንተ ነው። አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም። በፋሲካ ዶሮ አልሠራም ያለችው ለዚህ ነበር፤ ብትሠራ ለማን ታወጣዋለች? ከሞትክ ወዲህ የሸሸችውን ነገር ሳላውቅ በሳህን አስመጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ተነሽ እንሂድ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«የሠራውን ጥሩልኝ» አለች።

ፈረንጅ ጠብቄ ነበር። የመጣው የኛው ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ግንባሩ በላብ የራሰ፣ ቆቡን በእጁ የያዘ። «አልጣፈጠዎትም እማማ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ያለው ፍርሃት የማውቀው ፍርሃት ነው።

እማዬ ሥጋውን በጣቷ ፈልቅቃ፣ ከስጎው አጥቅሳ፣ እጇን ዘረጋች።

«ኧረ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ለዚሁ ነው እኮ። በሞቴ!»

የየጠረጴዛው ሹክሹክታ ሁሉ ቆመ። ሰውየው ነጭ ልብሱን እንደለበሰ በርከክ ብሎ ጎረሰ። «አንድማ ያጣላናል» አለችና ሁለተኛውን ደገመችለት። ሠላሳ ዓመት አንተን ሥራ ላይ ያጎረሰህ ሰው ነበር ይሆን? እሷ ይህን ስታስብ ኖራለች ማለት ነው፤ እኔ ግን የምግብ ፍላጎት የጠፋባት መስሎኝ መድኃኒት እፈልግ ነበር።

ሰውየው ተነስቶ ሄደ። አፈረ አልኩ። እጁን ታጥቦ ተመለሰ። ከዚያው ሥጋ ቆርሶ «እርስዎም በሞቴ» አላት።

እማዬ አየችው። አፏን ከፈተች።

ስታኝክ አየኋት አባዬ። ጉንጯ ሲንቀሳቀስ፣ ጉሮሮዋ ሲውጥ። ሰው ሲበላ በዚያ ዓይነት አይቼ አላውቅም፤ ከኛ የሚበልጥ ነገር ፊት የቆምኩ መሰለኝ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያጎርሳት የቀረውን በራሷ እጅ በላች። ሹካዎቹ እንደተደረደሩ ቀሩ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዛ «ለእሑድስ የት ነው የምትወስጂኝ?» አለችኝ።

አሁንም እሰጋለሁ። ነገ ደግሞ እንቢ ብትለኝስ? ግን ትናንት ዶሮ ግዢ ብላኛለች።

አባዬ፣ እስክሞት ድረስ ሳህን ፊቴ በቀረበ ቁጥር ከበሩ ወዲያ፣ እሳቱ ዳር የቆመውን ሰው ሳላስብ እጄን አልሰድም። ያ ሰው ማንም ቢሆን፣ በአንተ ስም አመሰግነዋለሁ።

ልጅህ