ስብሰባው ወደ ቦዩ ጭራ ይዛወርልን

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳው የመስኖ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

አመልካች፦ ኑርሃን ኸድር፣ በእናቴ በወ/ሮ ዘይቱና ስም

ጉዳዩ፦ ማኅበራችን በዘመናዊ አመራር እጅግ ከመሻሻሉ የተነሣ ሽንኩርታችን ሊደርቅ ስለሆነ አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ማመልከቻ እጅዎ ሲገባ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ቬንትሌተር የሚሠራበት ሰዓት እንዲሆን እመኛለሁ። የአገራችን ሙቀት ረጅም አቤቱታ አያስነብብም፤ የእኔ ደግሞ ትንሽ ይረዝማል።

1. እኔ አመልካች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የንጋት ቦይ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባል እናቴ ናት፤ እሷ ግን ከእርሻው መለየት ስለማትችል በስብሰባ የምወክላት እኔ ነኝ። ሰው ጎድሎ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላ ሲል ሰብሳቢያችን ጋሼ ታደሰ ዞር ዞር ብለው ያዩና «ኑርሃን አለች አይደል? ሞልቷል!» ይላሉ። እጄን ሳወጣ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው እየተናገረ?» ይላሉ። ስቆጠር ሙሉ ሰው፣ ስናገር ልጅ ነኝ። ለመቆጠር የበቃ ለመጻፍም አያንስም ብዬ ብዕር አነሣሁ።

2. ቀድሞ ማኅበራችን ኋላ ቀር ነበር። ራዕይ የለው፣ ተልዕኮ የለው፣ ማኅተም እንኳ አልነበረውም። የነበረው አንድ የውሃ አባት ነው፤ እሳቸውም ሀጂ አሊዪ ናቸው። የውሃ አባት ማለት ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል፣ ቦይ የሰበረውን የሚቀጣ ሰው ነው። በእኛ ደንብ ታዲያ የውሃ አባት የሚያርሰው የግድ የቦዩን ጭራ፣ ማለትም የመጨረሻውን ማሳ ነው። መሬቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ሲሾም ይቀያየራል። ውሃ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ የእሱ እርሻ የሚጠጣው ከሁሉም ኋላ ነው።

ሀጂ አሊዪን መልአክ ነበሩ ብዬ አቤቱታዬን በሐሰት አልጀምርም። ሲቆጡ ማዶ የቆመ ግመል ይደነግጣል። በሰው ማሳ ሲያልፉ የበሰለ ቲማቲም ካዩ ባለቤቱን አያስቸግሩም፣ ራሳቸው ይቀጥፋሉ። ነገር ግን የገዛ ሽንኩርታቸው ጭራ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸው ስለነበር፣ ላይኛው ሰው ተራውን ካሳለፈ ዘንጋቸውን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። «አንተ ፈይሰል! ማሳ ነው የምታጠጣው ወይስ ባሕር ልታቆም ነው?» ሲሉ ፈይሰል ቦዩን የሚለቀው አካፋውን እንኳ ሳያነሣ ነው። ውሃው እሳቸው ዘንድ ለመድረስ በሁላችን በኩል ማለፍ ነበረበት። በዚህ ዓይነት ኋላ ቀር አሠራር ሁላችንም ስንጠጣ ኖረናል።

3. አምና ጋሼ ታደሰ የአመራር ሥልጠና ወሰዱ። ጋሼ ታደሰ ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ፣ ከቦዩ ራስ ደግሞ ሰፊ ማሳ ያላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ሲሄዱ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ሲመለሱ መሪ ሆነው ተመለሱ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከጠዋት እስከ ቀትር ሰበሰቡን። በዚያው ዕለት «በመስኖ ተወዳዳሪ ሆኖ መገኘት» የሚል ራዕይ ጸደቀልን፤ ከማን ጋር እንደምንወዳደር ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ለየሽማግሌው ሹመት ተዳረሰ፤ ምክትል፣ የምክትል ተጠባባቂ፣ የክትትልና ግምገማ ኃላፊ፣ የክትትሉ ተከታታይ። የሥራ ድርሻ ሳይሰጠው የቀረ ውሃው ብቻ ነው።

4. ሀጂ አሊዪም ከውሃ አባትነት ወደ «የክብር ሰብሳቢነት» አደጉ። ያን ጊዜ አንድ ከባድ ችግር ታየ፤ የክብር ሰብሳቢ እንዴት ተደርጎ ጭራ ላይ ያርሳል? ከቦዩ ራስ፣ ከትልቁ ማንጎ አጠገብ ያለው ማሳ ያኔ የእናቴ ነበር። ሽማግሌዎቹ በዚያ ሙቀት ኮት ደርበው ቤታችን መጡና ከሀጂ አሊዪ ጋር መሬት ለመሬት እንድትቀያየር ለመኗት። እናቴ ከጎረምሳ ጋር ስትከራከር ተሸንፋ አታውቅም፤ ሽማግሌ ሲለምናት ግን አንደበቷ ይታሰራል። «አላህ ያክብራችሁ፤ እናንተ ካላችሁ እሺ» አለች። ከወጡ በኋላ ለምን እሺ እንዳለች ስጠይቃት «ኮት ለብሶ የመጣ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይሸኝም» አለችኝ። እኛ ጭራ ላይ የተገኘነው እንዲህ ነው።

5. ቀጥሎ «ተጠያቂነት» የሚባለው መጣ። ከማንጎው ዝቅ ብሎ ቦዩ ላይ የብረት መዝጊያ ተሠራ፣ ቁልፍም ተበጀለት። ከመዝጊያው በላይ ያለ ማሳ እንዳሻው ይጠጣል። ከመዝጊያው በታች ያለው የሚጠጣው ስብሰባ ተጠርቶ፣ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ፣ ጉዳዩም በአጀንዳ ተይዞ ሲወሰን ነው። ቁልፉ የሚኖረው በጋሼ ታደሰ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ኮቱ ደግሞ ሥልጠና ይወዳል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ኮቱ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፤ የሥልጠናው ርዕስ «የጊዜ አጠቃቀም» እንደሆነ ሰምቻለሁ።

6. ስብሰባ የሚደረገው ማንጎው ጥላ ሥር ነው። ቦዩ እግራቸው ሥር ይፈሳል፤ አንዳንዶቹም ጫማ አውልቀው ይነከራሉ። የክትትልና ግምገማ ኃላፊው ጋሼ ፍቅሩ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ያዩና «የውሃው ፍሰት በጣም ጥሩ ደረጃ ላይ ነው» ብለው ሪፖርት ያቀርባሉ። ክቡር ኃላፊ፣ ሽማግሌዎቻችን አይዋሹም። ከተቀመጡበት ሆኖ ለሚያየው ውሃው በእርግጥ ይፈሳል።

«እኛ ዘንድ አልደረሰም» ብዬ ስጮህም ቅሬታዬ በአግባቡ ተስተናግዷል። የጭራ ጉዳይ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመልኝ። ኮሚቴው የተነሣው በቀትር ነበር፤ ሮቢት ላይ በቀትር የሚንቀሳቀሰው ባጃጅና እብድ ብቻ መሆኑን ማንም አላነሣም። ግማሽ መንገድ ላይ ከአንዲት ግራር ሥር ዐረፍ አሉ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ተመለሱ። ሪፖርታቸው «ጭራው ሩቅ መሆኑን በአካል ወርደን አረጋግጠናል» የሚል ነው። ጉባኤውም ለከፈሉት መሥዋዕትነት አመስግኗቸዋል። ለስላሳውን ያደልሁት እኔ ነኝ።

7. አሁን ለሳቅ የማይመቸውን ልጻፍ። ሽንኩርታችን ራስ መቋጠር ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ውሃ ካጣ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ይተኛል፣ ራሱም ሳያድግ ይቀራል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ የእግር ጣት ያስገባል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከመች መደቦቹን ታርከፈክፋለች፤ ለዚያ መሬት ግን ይህ ምራቅ ማለት ነው። ይህ ሳምንት እንዲሁ ካለፈ የዓመቱ ልፋታችን አብሮ ያልፋል። ትናንት አረም እየነቀልን ሳለን ቀና ሳትል «ሽንኩርቱ ከሞተ ጀውሃ ትሄጃለሽ። እትዬ ዘምዘም ሰሃን የምታጥብ ልጅ ፈልጋለች» አለችኝ። እትዬ ዘምዘም ጀውሃ ከተማ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚመገቡበት ምግብ ቤት ያላት ዘመዳችን ናት። «ትምህርቴስ?» አልኋት። እናቴ ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ወንዙ ወረደች።

8. ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ታደሰ ወደ ሥልጠናቸው ከመሄዳቸው በፊት በተደረገው ስብሰባ ሀጂ አሊዪ ስለ ባህል ንግግር አደረጉ። የዛሬ ልጅ ደንብ አያውቅም፣ ስልክ ላይ ተደፍቶ ይውላል፣ ታላቁን አያከብርም ካሉ በኋላ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ስሚ አንቺ! የውሃ አባት ማለት የቦዩን ጭራ የሚያርስ ነው! ጭራውን ያላረሰ ሰው በውሃ ላይ አያዝም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ወላሂ ማንም አይሽረውም!» አሉ። ጉባኤው በደስታ አጨበጨበ። ጋሼ ታደሰም «በጭብጨባ ጸድቋል» ብለው ደመደሙት። በዘመናዊው አሠራራችን በጭብጨባ የጸደቀ ነገር ውሳኔ ነው።

እኔም እጄን አወጣሁ። «ትልቅ ሰው እየተናገረ?» ከመባሌ በፊትም «ታዲያ አሁን ጭራውን የሚያርሰው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጭብጨባው ቆመ። ጋሼ ፍቅሩ እግራቸውን ከቦዩ አወጡ። ሀጂ አሊዪ ማንጎውን ከዚያ በፊት ያላዩት ይመስል ቀና ብለው ሲመለከቱት ቆዩና «ይቺ ልጅ ምላሷ ሚጥሚጣ ነው» አሉ። ጋሼ ታደሰ ወዲያው «ስብሰባችን በዚሁ ተጠናቋል» ብለው ተነሡ። ማኅበሩ ከተሻሻለ ወዲህ እንዲህ በፍጥነት የተወሰነ ነገር የለም።

9. እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ ሽማግሌዎቻችን መሬት ሲያቀያይሩ ሳያውቁት እናቴን የውሃ አባት አድርገው ሾመዋታል። ይህንኑ ስነግራት «ሂጂ ወዲያ! ሹመት ማን ጠየቀ? እኔ የምፈልገው ውሃ!» አለች። ሹመት የማይፈልግ መሪ ብርቅ ነው እየተባለ ይወራል፤ ይኸው በእኛ ቦይ ተገኝቷል።

እነዚህን ሽማግሌዎች ክፉ ናቸው ብዬ አልከስም። አባቴ የሞተ ጊዜ ማሳችንን አርሰው የዘሩልን እነሱው ናቸው። ልባቸው ደኅና ነው፤ ያስቸገረን የተቀመጡበት ቦታ ነው። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. በማኅበሩ ደንብና በጭብጨባው ውሳኔ መሠረት የመዝጊያው ቁልፍ ከኮቱ ኪስ ወጥቶ ጭራውን ለምታርሰው ለእናቴ እንዲሰጥ፤

ለ. ሴት የውሃ አባት ትባል ወይስ የውሃ እናት በሚለው ላይ አመራሩ መወያየት ከፈለገ እስከፈለገው ድረስ ይወያይ፤ ውሃው ግን ውይይቱ እስኪያልቅ እንዳይጠብቅ፤

ሐ. ይህ ሁሉ ካልሆነ የማንጎው ማሳችን ተመልሶልን ሀጂ አሊዪ ከነክብራቸው ወደ ጭራው እንዲወርዱልን። እሳቸው እዚያ ከደረሱ ውሃው ተከትሏቸው እንደሚመጣ አልጠራጠርም።

10. ጽሕፈት ቤትዎ «ጉዳዩ ይጠና» የሚል ከሆነ፣ እስከዚያው የዚህ ሳምንት የሐሙስ ስብሰባ ብቻ እኛ ማሳ አጠገብ እንዲደረግ ይፍቀዱልን። ጋሼ ታደሰ ለስብሰባው ይመለሳሉ፤ ከነኮታቸው ስለሚመጡ ቁልፉም አብሮ ይመጣል። ወንበር መደርደር ያለ ሹመት የተሰጠኝ ሥራ ስለሆነ ፈቃድዎን ሳልጠብቅ ወንበሮቹን በእጅ ጋሪ አውርጃለሁ፤ በደረቀው ቦይ ግራና ቀኝ ደርድሬያቸዋለሁ። ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስብሰባው የሚጀመረው በቀትር ነው። ጥላ የለም፣ ለስላሳም የለም።

እርስዎም ቢገኙልን ትልቅ ክብር ነው። ጃንጥላ ይያዙ። ውሃ ይዘው ግን አይድከሙ፤ ጉባኤተኞቹ ጥቂት እንደተቀመጡ ይደርሳል።

ከቦዩ ጭራ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኑርሃን ኸድር
የምልዓተ ጉባኤ ማሟያ

ግልባጭ፦
ለሀጂ አሊዪ፣ ማንጎው ሥር
ለጋሼ ታደሰ፣ ባሉበት፣ ከነቁልፉ